ረሃብና ውፍረት

ፋሽጋ በሰቲት፣ በአትባራና በአንገረብ ወንዞች መካከል የተዘረጋ፣ ኢትዮጵያና ሱዳን ለረጅም ዘመን ሲከራከሩበት የኖረ የጠረፍ ምድር ነው። አፈሩ ጥቁር ዋልካ በመሆኑ ሰሊጥና ማሽላ በብዛት ይበቅልበታል። ከዚሁ ጋር የተያያዘው የገዳሪፍ ሜዳም ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በትራክተር እየታረሰ ለሱዳን የእህል ጎተራ ሆኖ ቆይቷል።

ሆኖም ይኸው የሰሊጥ ምድር የተራቡና የተፈናቀሉ ሰዎች መሸሻም ነበር። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅና ጦርነት ምክንያት በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሰደው በገዳሪፍና በከሰላ ዙሪያ ተጠልለዋል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ደግሞ ከትግራይ ጦርነት የሸሹ በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች ድንበሩን ተሻግረው፣ ብዙዎቹ በገዳሪፍ ክፍለ ሀገር በኡም ራኩባ ሰፍረዋል።

እንዲህ ባለ ቦታ ስለ ሕፃናት ውፍረት መናገር ያለ ቦታው የተነሣ ወሬ ይመስላል። የከሳ ልጅ በሚያሳስብበት አገር የወፈረ ልጅ ምን ያሳስባል? ነገሩን ጠለቅ ብሎ ለመረመረ ሰው ግን ረሃብና ውፍረት የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የሁለቱም ምንጭ ሰውነት የሚያስፈልገውን ምግብ በዓይነቱና በመጠኑ አለማግኘቱ ነው።

የሰው አካል የተመገበውን በሁለት መንገድ ይጠቀምበታል። ከፊሉን ለሥራ፣ ለሙቀትና ለዕድገት ያውለዋል፤ የተረፈውን ወደ ስብ ለውጦ ያስቀምጠዋል። ይህ ሥርዓት በራሱ ክፉ አይደለም። ገበሬ የመኸሩን እህል ለክረምት በጎተራ እንደሚያኖር ሁሉ፣ አካልም ለክፉ ቀን ይቆጥባል። ጉዳት የሚመጣው ጎተራው ዘወትር እየሞላ ጨርሶ ሳይከፈት ሲቀር ነው። አንድ ግራም ዘይት 9 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኃይል ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ስኳር 4 ይሰጣል። ከሰሊጥ ፍሬ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። ስለዚህ በፀሐይ ጎንበስ ብሎ ሰሊጥ ሲያጭድ ለሚውል ሠራተኛ ይህ ብርታት ነው፤ ከሥራም ከጨዋታም ርቆ ለሚውል ልጅ ግን ዘይትና ስኳር የበዛበት ምግብ ወጪ የሌለው ገቢ ይሆናል።

ረሃብ ራሱ ለኋለኛው ውፍረት መንገድ ሊጠርግ እንደሚችል የሚያሳይ ማስረጃም አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ ከ1944 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. በነበሩት የብርድ ወራት፣ ጀርመኖች የያዙት የሆላንድ ምዕራባዊ ክፍል ስንቅ ተቋርጦበት ጽኑ ረሃብ ወደቀበት። በዚያን ጊዜ በማሕፀን የነበሩ ወንዶች ልጆች 19 ዓመት ሲሞላቸው ለውትድርና ተመረመሩ። በ1976 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ እናቶቻቸው በእርግዝናው የመጀመሪያ አጋማሽ የተራቡባቸው ወጣቶች ረሃቡ ካልደረሰባቸው እኩዮቻቸው ይልቅ ለውፍረት የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። ብዙ ሊቃውንት ይህን ሲያብራሩ፣ በማሕፀን ሳለ እጦትን የለመደ አካል የኋላ ኋላ ምግብ ሲያገኝ ወደ ማከማቸት ያደላል ይላሉ።

የስደት ኑሮም ይህን ችግር ያባብሰዋል። በስደተኞች ጣቢያ የሚታደለው ስንቅ አብዛኛውን ጊዜ እህል፣ ጥራጥሬ፣ ዘይትና ጨው ነው። ሕይወትን ያቆያል፤ አትክልት፣ ፍራፍሬና ወተት ግን እምብዛም አይገኝበትም። በአልጀሪያ ምድረ በዳ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት በኖሩት የምዕራብ ሰሃራ ስደተኞች ዘንድ በ2010 እ.ኤ.አ. በተደረገ ጥናት፣ ከአራት ቤተሰቦች በአንዱ ያህል ረሃብና ውፍረት በአንድ ጣራ ሥር ተገኝተዋል። እናቲቱ ከመጠን በላይ ወፍራ ልጇ የቀነጨረበት ቤት ጥቂት አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ ጋር የልማድ ኃይል አለ። በ1977 ዓ.ም. በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ድንበር የተሻገረ ሕፃን ዛሬ ከ40 ዓመት በላይ የሆነው የልጆች አባት ነው። እንዲህ ያለ ወላጅ ልጁ ሲወፍር ቢደሰት አይፈረድበትም። የጤና ሠራተኞች የሕፃናትን ክንድ የሚለኩበት ጥብጣብ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም አለው። ቀዩ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነን ክንድ ያመለክታል፤ የከፋ ረሃብ ምልክት ነው። አረንጓዴው ለእናት የምሥራች ነው። ከአረንጓዴው በኋላ ግን ሌላ ቀለም የለም፤ ጥብጣቡ መብዛትን አይናገርም። የሰፈሩ ሰውም «ወፈረ፣ ተስማማው» ብሎ ከማመስገን በቀር ስለ መብዛት አይናገርም። እናት ጥቂት የቀረውን ትሪ «በሞቴ፣ ጨርሰው» ስትል ፍቅሯን መግለጿ ነው፤ ልጁ ግን ከጠገበ በኋላ መብላትን ይለምዳል።

በ2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 37 ከመቶ የቀነጨሩ ሲሆኑ፣ ከመጠን በላይ የወፈሩት 2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ይሁን እንጂ ይህን አይቶ መዘናጋት አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ በዓለም ላይ ከ5 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ካላቸው መካከል ክብደታቸው ከመጠን ያለፈባቸው በ1990 እ.ኤ.አ. 8 ከመቶ ነበሩ፤ በ2022 እ.ኤ.አ. 20 ከመቶ ደርሰዋል። በልጅነት የመጣ ውፍረት እስከ ጉልምስና ሊዘልቅ ይችላል፤ የስኳር በሽታን፣ የደም ግፊትንና የልብ ሕመምንም ያስከትላል።

መከላከያው ከቤት ይጀምራል። «ልጅ በጡት፣ እህል በጥቅምት» የሚለው የአባቶች ምሳሌ እዚህም ይሠራል፤ የእናት ጡት ሕፃኑን ከመክሳትም ሆነ ከመጠን በላይ ከመወፈር ይጠብቀዋል። ከፍ ላለው ልጅ የማሽላ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ከታሸገ ብስኩት ይሻሉታል። በአንድ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ 30 ግራም ያህል፣ ማለትም 7 የሻይ ማንኪያ የሚሆን ስኳር ይገኛል፤ ጥምን ለመቁረጥ ንጹሕ ውሃ ይበቃል። ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በየቀኑ ቢያንስ 60 ደቂቃ ሰውነቱን ማንቀሳቀስ ይኖርበታል፤ ኳስ መጫወት፣ ገመድ መዝለልና ትምህርት ቤት በእግር መሄድ ይህን ያሟላሉ።

የወፈረን ልጅ በረሃብ መቅጣት ግን ትልቅ ስሕተት ነው። ልጅ ገና በማደግ ላይ ስለሆነ ክብደቱ ባለበት ሲቆይ ቁመቱ እየጨመረ ሊደርስበት ይችላል። በቅጽል ስም እየጠሩ መሳለቅም ልጁን ከጨዋታ ሜዳ ያርቀዋል፤ ከጨዋታ የራቀ ልጅ ደግሞ ይብሱን ይወፍራል። የሚሻለው መላው ቤተሰብ ከአንድ ትሪ የሚበላውን ማስተካከልና ልጁን ወደ ጨዋታው መጥራት ነው።

መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት ተነሥቷል። ይህ ዓላማ ከውፍረት ጋር የሚደረገውም ትግል ክፍል ነው፤ በማሕፀንና በጨቅላነቱ በሚገባ የተመገበ ልጅ አካሉ እጦትን አይለምድምና። የጠረፉ እናቶች ልጆቻቸውን ከረሃብ ለማዳን ብዙ መንገድ ተጉዘዋል። ያን ያህል ድካም የተከፈለለት ልጅ ከረሃብ ከተረፈ በኋላ በጥጋብ እንዳይጎዳ መጠበቅ ዛሬ ለሚያሳድጉት ሁሉ የቀረ ሥራ ነው።