የሙሴ ጸሊም ትከሻ

«ንስሐ» የሚለው ቃል የመጣው ከግእዙ «ነስሐ» ሲሆን፣ ትርጉሙም ተጸጸተ፣ ባለፈው ነገር አዘነ ማለት ነው። ወንጌል በተጻፈበት በግሪክ ቋንቋ ግን ለዚሁ ነገር የተሰጠው ቃል «ሜታኖያ» ነው፤ ይኸውም የአሳብ መለወጥ ማለት ነው። አንደኛው ቃል ፊቱን ወደ ኋላ፣ ሁለተኛው ወደ ፊት አዙሮ የቆመ ይመስላል። በጥሞና ካሰባችሁት ግን ሁለቱም አንድ ጥያቄ ያስነሣሉ። ሰው ተጸጽቶ አሳቡ ከተለወጠ በኋላ ለውጡ በምን ይታወቃል? ልብ በዓይን አይታይም። እንባ ይታያል፤ ነገር ግን እንባ ቶሎ ይደርቃል።

ስለዚህ ነገር ባሰብሁ ቁጥር ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ሙሴ ጸሊም ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ የኖረው ይህ ሰው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰኔ 24 ቀን ይታሰባል። ታሪኩን ከጻፉት አንዱ ጳላድዮስ፣ ሙሴን «ኢትዮጵያዊ» ይለዋል። ሆኖም በዚያ ዘመን ግሪኮች ከግብፅ በስተ ደቡብ የሚኖረውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩት ስለ ነበር፣ የአገራችን ሰው ነው ብለን ለመኩራራት ባንቸኩል ይሻላል።

ሙሴ አስቀድሞ የአንድ ሹም አገልጋይ ነበር። ጌታውም ጠባዩ ቢከፋበት፣ ሌብነቱም ቢበዛበት ከቤቱ አባረረው፤ እርሱም የወንበዴዎች አለቃ ሆነ። አንድ ሌሊት አንድ እረኛ ከውሾቹ ጋር ሆኖ ያሰበውን ስላሰናከለበት ቂም ያዘ። እረኛው ከዓባይ ወንዝ ማዶ መሆኑን በሰማ ጊዜ፣ ወንዙ ሞልቶ ወርዱ 1 ማይል ያህል ሳለ፣ ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ፣ ልብሱን በራሱ ላይ አድርጎ ዋኝቶ ተሻገረ። እረኛው አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ አመለጠ። ሙሴም የተመረጡ 4 አውራ በጎች አርዶ፣ በገመድ አስሮ፣ እንደ ገና እየዋኘ ተመለሰ። እስቲ ይህን ጉልበት ልብ በሉ!

ይህ ሰው እንዴት ልቡ እንደ ተነካ ጳላድዮስ በዝርዝር አይነግረንም። አንድ ነገር ደርሶበት ተጸጸተና መነኰሰ ብሎ ብቻ ያልፈዋል። የገባበትም በረሓ አስቄጥስ ይባላል፤ ዛሬ ዋዲ ናትሩን የሚባለው ነው።

ብዙ ሰው ታሪኩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስለዋል። ወንበዴው መነኰሰ፤ አበቃ። ለእኔ ግን ታሪኩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የቀድሞ ልማዱ ከደጅ አልቀረም፤ ክፉ ምኞቱ ተከትሎት ገባ። 6 ዓመት ሙሉ፣ ሌሊት ሌሊት፣ በማደሪያው መካከል ቆሞ ዓይኑን ሳይከድን ጸለየ። አላሸነፈም። ጸሐፊው ይህን ሳይደብቅ መናገሩ ደስ ያሰኘኛል፤ የቅዱሳንን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ይህን የመሰለውን ነገር ዘወትር አይነግሩንምና።

ከዚያ በኋላ ሙሴ ሌላ መንገድ ፈለገ። በሌሊት እየተነሣ፣ በሽማግሌዎቹ መነኰሳት ደጅ እየዞረ፣ የውኃ ዕቃቸውን በስውር አንሥቶ ይሞላላቸው ጀመር። ውኃው ከአንዳንዱ ማደሪያ ግማሽ ማይል፣ ከአንዳንዱ 2 ማይል፣ ከአንዳንዱም 5 ማይል ይርቅ ነበር።

ውኃ መቅዳት ምን እንደሆነ ከእናንተ መካከል የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ ባደግሁበት የገጠር መንደር ምንጩ ከገደሉ ሥር ነበር። ባዶ እንስራ ይዞ መውረድ ጨዋታ ነው፤ ሞልቶ አቀበቱን መውጣት ግን ሌላ ነው። ገመዱ ትከሻን ይቆርጣል፤ ውኃውም በእያንዳንዱ እርምጃ ወዲያና ወዲህ እየተላጋ ጀርባን ያረጥባል። ይህን ሥራ የሚሠሩት ሴቶች ብቻ ነበሩ። እንስራ ያዘለ ጎረምሳ ቢገኝ መንደሩ ሁሉ ይስቅበት ነበር። የሁዳዴን 55 ቀን ሳያጓድል የሚጾም፣ ቅዳሴ የማያስታጉል ወጣት፣ እናቱ ጎብጣ ስትወጣ ከዋርካው ጥላ ሥር ተቀምጦ ይመለከታት ነበር። ማንም አልነቀፈውም፤ ጾሙንና እንስራውን የሚያገናኝ ነገር ያለ አይመስልም ነበርና። ጾሙ ሐሰት ነበር ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ከሆዱ አልፎ እስከ ትከሻው አልደረሰም።

የሙሴ ንስሐ ግን እስከ ትከሻው ደረሰ። 4 በጎች እየጎተተ ዓባይን የተሻገረው ያ ትከሻ አሁን የሽማግሌ ውኃ ይሸከማል። ጉልበቱ አልጠፋም። በሌሊት መሄዱን አልተወም፤ ተደብቆ መሥራቱንም አልተወም። ቀድሞ በሌሊት ተደብቆ ይወስድ ነበር፤ አሁን በሌሊት ተደብቆ ይሰጣል። እናንተ ምናልባት ሰው ሲለወጥ ፈጽሞ ሌላ ፍጥረት የሚሆን፣ ቁጡው በአንድ ጀንበር ጭምት፣ ተናጋሪው ዝምተኛ የሚሆን ይመስላችሁ ይሆናል። እንዲህ ስላልሆነላቸውም «እኔ አልለወጥም» ብለው ተስፋ የቆረጡ ወጣቶች አውቃለሁ። ተናጋሪ ልጅ ሲለወጥ ዝም ማለት የለበትም፤ አንደበቱን የሚያማበት ሰው ፊት ላይ ሳይሆን የሚታማው ሰው ጎን ቆሞ ሊጠቀምበት ይችላል።

ይህም ቢሆን ለሙሴ ቀላል አልነበረም። አንድ ሌሊት በውኃው ጉድጓድ አፍ ላይ ሳለ በዱላ ተመትቶ ወደቀ፤ በማግሥቱ ሰዎች አገኙት፤ ዓመት ያህልም ታመመ። ጳላድዮስ የመታው ጋኔን ነበር ይላል። ከዚህ በኋላ ነው ያ የቆየው ምኞት የለቀቀው።

ደግሞ ሌላ ጊዜ 4 ሌቦች ማንነቱን ሳያውቁ በማደሪያው ሳለ አደጋ ጣሉበት። ሙሴ አራቱንም አሰራቸው፤ እንደ ገለባ ጆንያ በጀርባው ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸውና፣ ማንንም መጉዳት ለእርሱ እንደማይገባ ነግሮ፣ ምን ይደረጉ ብሎ ወንድሞቹን ጠየቀ። ሌቦቹም የተሸከማቸው ያ ስመ ጥሩ ወንበዴ ሙሴ መሆኑን ባወቁ ጊዜ፣ ዓለምን ትተው እነርሱም መነኰሱ።