የአባዬ ፋይል

አባዬ ጡረታ ከወጣ በኋላ የሕይወት ታሪኩን ራሱ መጻፍ ጀመረ። «ለእናንተ ከተውኩት ዓመተ ምሕረቱን ታበላሹታላችሁ» ይል ነበር። እኔ በሰጠሁት አሮጌ ላፕቶፕ፣ በአንድ ጣት ፊደል እየለቀመ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ጻፈ።

ካረፈ በኋላ ለሙት ዓመቱ አሳትመን ለዘመድ እናድል ተባባልንና ፍላሹን ከመሳቢያው አወጣሁት። ዎርድ ግን «ፋይሉ ተበላሽቷል» አለኝ። ሦስት ኮምፒውተር ቀያየርኩ፤ መልሱ ያው ነው። እናቴ «እዚያው ውስጥ አይደል እንዴ ያለው?» ትለኛለች። ምን ልበላት?

በማግስቱ ለቢሯችን የአይቲ ባለሙያ ሰጠሁት። መጀመሪያ ቅጂ አስቀረ። ከዚያ ከፋይሉ ስም መጨረሻ ያለውን ቅጥያ አጥፍቶ «ዚፕ» ብሎ ጻፈበትና ከፈተው። ለካ የዎርድ ፋይል የታሸገ ከረጢት ኖሯል! ጽሑፉ ለብቻ፣ ፎቶዎቹ ለብቻ፣ የፊደሉ መጠንና ቅርጽ ለብቻ ተቀምጠዋል። የተበላሸው ይህ የመጨረሻው ክፍል ብቻ ነበር። ጽሑፉን ሲከፍተው፣ በማይገቡኝ የእንግሊዝኛ ምልክቶች መሃል የአባዬ አማርኛ ብቅ፣ ብቅ አለ። «የተወለድኩት…» የሚለውን ሳነብ መቆም አቃተኝ፤ ወንበር ሳብኩ።

«እንዴት አወቅክ?» አልኩት።

«ተጽፎ የለ እንዴ!»

እውነቱን ነው። የዚህ ፋይል አሠራር እ.ኤ.አ. በ2006 ኤክማ በሚባለው ደረጃ አውጪ ድርጅት ታትሟል፤ በ2008 ደግሞ አይኤስኦ 29500 የሚል ቁጥር ሰጥቶ ዓለም አቀፍ ደረጃ አድርጎታል። የመጀመሪያው እትም ከ6,000 ገጽ በላይ ነው (እንኳን አንብብ አልተባልኩ!)። ማይክሮሶፍት የቀድሞዎቹን የዎርድና የኤክሴል ፋይሎች አሠራርም በዚያው በ2008 ለሕዝብ ክፍት አድርጓል። እንደ ሊብሬ ኦፊስ ያሉ ነጻ ፕሮግራሞች የዎርድን ፋይል የሚከፍቱት አንድም በዚህ የተነሳ ነው።

እኔ የተማርኩት ቢዝነስ ነው። ደንበኛ ወደ ሌላ መሄድ እንዲከብደው ማድረግ ብልህነት ነው ብዬ ፈተና ላይ መልሼ ሙሉ ማርክ አግኝቻለሁ። ያን ቀን ግን ደንበኛው አባዬ ነበር።

ማታ ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሠርጋቸው ጋ ስደርስ አስቆመችኝ።

«ዓመቱን ተሳስቷል» አለች፣ እየሳቀች እንባዋን እየጠረገች።

ላስተካክለው ስል ከለከለችኝ። እንዳለ ታተመ።