ሸቤን እንዴት ወደድኋት

ከተማን መውደድ ሰውን እንደ መውደድ ነው። አንዱ በመልክ፣ ሌላው በጠባይ ይማረካል። እኔ ሸቤን የወደድኋት በጠባይዋ ነው። መልኳን ብትጠይቁኝ፣ ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ዳር የተደረደረች፣ መንገደኛ ሻይ ጠጥቶ የሚያልፋት ትንሽ ከተማ ናት።

ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከዚያ ወደ ደቡብ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ሸቤ ይደረሳል። አካባቢው በለጠ በሚባለው ደን የታወቀ ነው፤ ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘሉ ይታያሉ።

በመምህርነቴ ዘመን፣ በኅዳር ወር፣ ወደ ቦንጋ ስጓዝ የተሳፈርኩበት መኪና ተበላሸና ሁለት ቀን ሸቤ ሰነበትሁ። ወሩ ቡና የሚለቀምበት ነበር። ያሳደሩኝ እናት በማግስቱ ወደ ማሳቸው ይዘውኝ ወረዱ። ለቃሚዎቹ የቀላውን ፍሬ ብቻ እየመረጡ ይለቅማሉ፤ አረንጓዴው እስኪበስል ይቆያል። ስለዚህ ወደ አንዱ ዛፍ ደጋግመው ይመለሳሉ። የተለቀመው በማድረቂያ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ቀን ይገላበጣል፤ ማታ ጤዛ እንዳያርሰው ይሸፈናል። ቸል ከተባለ ይሻግታል፤ የዓመቱም ድካም ከንቱ ይሆናል።

ከቡናው በላይ አንድ ትልቅ ዋንዛ ጥላውን ዘርግቶ ቆሟል። የዋንዛ ጣውላ ጥሩ ዋጋ እንደሚያወጣ ስለማውቅ፣ «እናቴ፣ ይህን ለምን አይሸጡትም?» አልኋቸው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ዋንዛውን የምሸጠው አንድ ጊዜ ነው፤ ጥላውን ግን ቡናዬ በየዓመቱ ይፈልገዋል።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሸቤ በልቤ ገባች። ድህነት እያለ ነገን ለዛሬ አለመሸጥ ታላቅ ጠባይ ነውና። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ይህን ቡና «አረቢካ» ብሎ ሰየመው። ስሙ ወደ ዓረብ ምድር ይጠቁም እንጂ፣ ተክሉ በዱር የበቀለው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ ነው። ደኑ ከተመነጠረ የሚጠፋው ዛፍ ብቻ እንዳልሆነ ልብ በሉ፤ የዓለም ቡና ዘርም አብሮ ይመናመናል።

እናንተም ወጣቶች፣ ስትጓዙ የከተማን ፎቅና አስፋልት ብቻ አትቁጠሩ። ሕዝቧ በምን እንደሚኖር፣ ለልጆቹም ምን እንደሚያቆይ ጠይቁ። መልሱን ያገኘ መንገደኛ ከተማዪቱን አይረሳትም።