መኪናዬን ዝቅ አድርጌ አማቾቼ ዘንድ ሄድኩ

ወንድ ልጅ ከእጮኛው የሚደብቀው አያጣም። አንዱ የድሮ ፍቅረኛውን ፎቶ ይደብቃል፤ ሌላው የደመወዙን ልክ። እኔ የደበቅኩት አራት የመኪና ሞላ ነው! አትሳቁ። መኪና ያላችሁም፣ "አንድ ቀን ይኖረኛል" እያላችሁ የምታልሙም፣ መኪና ካለው ልጅ ጋር ቀጠሮ የያዛችሁም እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀርመን አገር የሚኖር አብሮ አደጌ ቪዲዮ እየላከ ያቃጥለኛል። ኑርበርግሪንግ የሚባል፣ በ1927 እ.ኤ.አ. የተከፈተ የእሽቅድድም ሜዳ አላቸው። የቆየው ክፍል ጫካ ውስጥ እየተጠማዘዘ አንዱ ዙር ብቻ 20.8 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ታዲያ ለሕዝብ በሚከፈትበት ቀን ማንም ሰው ከፍሎ፣ ሥራ የሚሄድበትን መኪና ይዞ ይገባል። ለዚያ ቀን ብለው የመኪናቸውን ሞላና አሞርዛተር አውልቀው የሚስተካከል ይገጥማሉ። ሞላውና አሞርዛተሩ አንድ ላይ የተሰካ ነው። የአሞርዛተሩ ገላ እንደ ቡሎን ጥርስ አለው፤ ጥርሱ ላይ ያለውን ቀለበት ስታዞሩት መኪናው ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። አናቱ ላይ ደግሞ ትንሽ መዘውር አለች፤ "ቀጭ፣ ቀጭ" እያለች ስትዞር አሞርዛተሩን ታጠነክረዋለች ወይም ታላላዋለች።

"የተጠቀምኩበት አለ፤ ለኮሮላህ ልክ ነው፤ ብሩን ላክና ውሰድ" አለኝ። ላክሁ! ከየት አምጥቼ? እኔና እጮኛዬ ለቤት ኪራይ የስድስት ወር ቅድሚያ ብለን በጋራ ካጠራቀምነው።

እቃው መጣ፤ ተገጠመ። እንግዲህ እንደ ጀርመኖቹ የምገባበት ሜዳ የለኝም። የእኔ ሜዳ ካፌ በር ነው! ስለዚህ ቀለበቱን እስከ ታች፣ መዘውሯን እስከ ጥግ አዞርኩና ኮሮላዬን መሬት አስሳምኳት። ጎማና ፓራፋንጎ መካከል ጣት አይገባም። ጓደኞቼ "ኧረ ምን አደረግካት!" እያሉ ዞሯት። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

እጮኛዬ "መኪናው ምን ሆኖ ነው የሚያንገጫግጨው?" ስትለኝ "የአዲስ አበባ መንገድ ነዋ!" አልኳት። ውሸት ቁጥር አንድ።

ወደ ጎጃም

ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ነው። ሽማግሌዎቼ ቀደም ብለው ሄደው "ልጁን እንየው" ተብሏል። ቤተሰቦቿ ያሉት ፍኖተ ሰላም፣ ከአዲስ አበባ 380 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስሙ የግዕዝ ነው፤ የሰላም መንገድ ማለት። ለእኔ ግን መንገዱ ሰላም አልነበረም።

ፍዳው የጀመረው ጎሃ ጽዮን አልፈን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው ቁልቁለትና ዳገት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ድልድዩ ጋ እስክትደርሱ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። ገደሉ የሚንሸራተት አፈር ስለሆነ አስፋልቱ በየቦታው ተጨማዶ እንደ ማዕበል ይነሳል፣ ይወድቃል። እኔም ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ፣ ፍሬን በየመሀሉ እየረገጥኩ ስወርድ አንዱ ማዕበል ላይ ጎማው ዘለለ። ፍሬን ይዣለሁ፤ መኪናው ግን ይሄዳል! ለቅጽበት ያህል ነው፤ ነገር ግን በዚያች ቅጽበት አፍንጫዋ ወደ ግራ ተሳበች። በግራ በኩል ደግሞ ከባድ መኪና እየወጣ ነበር።

ሹፌሩ የነፋው ጥሩምባ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። እጮኛዬ ምንም አላለችም። ቀበቶዋን ብቻ በሁለት እጇ ያዘች። አዲሱን ድልድይ ተሻግረን ደጀን እስክንወጣ ቃል አልተነፈሰችም። ሴት ልጅ ዝም ስትል ነው መፍራት!

ደብረ ማርቆስን፣ ደምበጫን እያለፍን በየፍጥነት መቀነሻው "ክርርር" እያለ ሆዷ ይፋቃል። መንገድ ላይ ያሉ ልጆች ሳይቀሩ "ወረደች! ወረደች!" እያሉ ይስቁብናል።

የጋሼ ፍርድ

ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ቤተሰቡ በር ላይ ተሰልፏል። ከሁሉም ቀድመው የወጡት አጎቷ ናቸው። ጋሼ በወጣትነታቸው ኤንትሬ ፊያት ይነዱ የነበሩ ሰው ናቸው። እኔን ሳሙኝና ወዲያው ጎንበስ ብለው መኪናዬን አዩ። ወደ ፊት ሄዱ፤ ወደ ኋላ መጡ፤ በፊት በኩል ኮፈኑን ተጭነው ለቀቁት። መኪናው ንቅንቅ አላለም።

"ልጄ፣ ባሌስትራ የሚጠነክረው ለጭነት ነው። አንተ ምን ጭነህ ነው?"

ምን ልበል? "ለውድድር የሚሆን ነው፣ ጋሼ" አልኩ።

"ከማን ጋር ተወዳድረህ መጣህ?"

ቤተሰቡ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ግን ጋሼ ያልጠበቅኩትን ጥያቄ ጠየቁ። "ስንት ገዛኸው?"

ላቤ መጣ። "ርካሽ ነው..." ብዬ ልሸሽ ስል እጮኛዬ ዓይን ዓይኔን እያየች ነው። ሒሳብ አዋቂ ናት። ከዚያ ቁጠባ ላይ "ለጊዜው አውጥቼ እመልሳለሁ" ያልኳት ብር ትዝ አላት። ቡና እየተፈላ ሳለ ጓሮ ጠራችኝና እንዲህ አለችኝ፤ "ለእኔ ጣት አንድ ቀለበት ሳትገዛ ለመኪናህ አራት ቀለበት ገዛህላት?"

ወይ መሬት ተከፍተሽ ዋጪኝ! ያን ሌሊት የተኛሁት ጋሼ ቤት ነው። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

ሜትርና ደብተር

በማግስቱ ጠዋት እናቷ አብረውን ባሕር ዳር ሊሄዱ ተነሱ። ጎጃም ተወልደው ያደጉት እናት ጢስ ዓባይን በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ወገባቸውን ደግሞ ያማቸዋል። ጋሼ ቁርጥ አድርገው "እህቴን በዚህ ጋሪ አትወስዳትም። ና፣ እናስተካክለው" አሉኝ።

የእህል መጋዘን ፊት ለፊት ያለ ልል ሲሚንቶ ላይ አቆምነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ጋራዥ የሚያስከፍላችሁ ትምህርት ነው።

መጀመሪያ የጎማውን ንፋስ ለኩ፤ ጎማው ሳይሞቅ። ንፋሱ የተዛባ መኪና ላይ ሌላ ነገር ማስተካከል ድካም ብቻ ነው። ቀጥሎ መኪናውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፋ ገፋ አድርገው ካረጋጉት በኋላ ከቸርኬው እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ለኩ። የፊት ግራው ከቀኙ በአንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ዝቅ ብሏል! በረሃው ላይ ወደ ግራ የሳበኝን ያን ጊዜ ገባኝ። መኪና ማለት አራት እግር ያለው ወንበር ነው፤ አንዱን እግር ብታሳጥሩ ክብደቱ በሌሎቹ ላይ ተዛብቶ ያርፋል።

ከዚያ በክሪክ አነሱት። ክሪክ ብቻውን አይታመንምና ከሻንሲው ሥር ጠንካራ ድጋፍ አስገቡ። ማቀፊያውን ቀለበት ፈትተን አራቱንም ከፍ አደረግን፤ ግራና ቀኙን እኩል። ማሰሪያውን ቀለበት መልሰን አጠበቅን። የጎሚኒዎቹን ዳዶዎች ግን ጋሼ ያጠበቁት መኪናው በጎማው መሬት ላይ ከቆመ በኋላ ነው። "እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ካጠበቅከው ጎሚኒው ተጠማዝዞ ይቀራል፤ ቶሎ ይበጣጠሳል" አሉኝ። ይህን አዲስ አበባ የገጠመልኝ ልጅ አልነገረኝም።

ወደ መዘውሯ ስንመጣ ጋሼ ደብተር አስመጡ። እስከ ጥግ አጥብቀን፣ ከዚያ ወደ ኋላ እየፈታን ቀጭታዋን ቆጠርን። አራቱንም እስከ መጨረሻው አላላንና ጻፍን። "አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ። ሁለት ከለወጥክ የትኛው እንዳዳነህ፣ የትኛው እንደገደለህ አታውቅም።"

ሌላም ነገር አለ። መኪና ከፍታው ሲለወጥ የጎማው አቅጣጫም ይለወጣል፤ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ያያል። በጎማዎቹ ጎን ገመድ ወጥረን የቸርኬውን የፊትና የኋላ ጠርዝ ለካን፤ ለጊዜው አቃናነው። ትክክለኛውን አላይመንት ባሕር ዳር አሠራሁ።

ቡሬ ላይ አንድ ቀጭታ

መንገድ ጀመርን። ጋሼ ከጎኔ፤ እናትና ልጅ ከኋላ። ቡሬ ሩቅ አይደለም። ጋሼ እግረ መንገዳቸውን ታሪክ ያወሩልናል። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በዚሁ በቡሬ በኩል ነው ያለፉት። አብሮ የመጣው ጦር ስንቅና ጥይቱን ያጓጓዘው በግመል ነበር፤ ከበረሃ የመጡት ግመሎች የጎጃምን ደጋ አልቻሉትም፤ በየመንገዱ አለቁ። "አየህ፣ ግመልም ለአገሩ ነው የተሠራው" አሉ ጋሼ። ነገሩ ወዴት እንደሆነ ገብቶኛል!

ቡሬ ላይ እናት በርበሬ ሊያዩ ወረዱ። እኔና ጋሼ ያንኑ አንድ መንገድ ሁለት ጊዜ ተመላለስንበት። እስከ ጥግ ስለላላ ጉብታ ካለፈ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ይዋዥቃል። ከኋላ ሁለት ቀጭታ፣ ከፊት ሦስት ጨመርን። መዋዠቁ አንዴ ሆኖ ቆመ። ደብተር ላይ ተጻፈ።

ለምን የካፌ በሩ ልክ መጥፎ ሆነ? የእሽቅድድም ሜዳ አስፋልት ልል ነው። እዚያ ጠንካራ ሞላ መኪናው ኩርባ ላይ እንዳያጋድል ይይዘዋል። መንገዱ ኮረኮንች ከሆነ ግን ሞላው መታጠፍ ሲገባው አልታጠፍም ይላል፤ ጎማው ይዘላል። አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ ፍሬንም መሪም አይሰማም። መኪናው በጣም ሲወርድማ ሞላው የሚሄድበት ቦታ አልቆ ብረት ከብረት ይጋጫል።

አንድ ቀን ውጭ አገር ሜዳ የምትገቡ ካላችሁ፣ ጎማውን አናቱን ወደ ውስጥ ሁለት ዲግሪ ያህል ማጋደል፣ ከፍታውን ትንሽ ዝቅ ማድረግ፣ ቀጭታውን መጨመር ያዋጣል። ሲመለሱ ግን ሁሉንም ወደ መንገድ ልኩ መመለስ ነው። የሚስተካከል የተባለው ለዚህ ነዋ! እኔ አንዴ አዙሬ ረሳሁት።

ጢስ ዓባይ

ባሕር ዳር አድረን በማግስቱ ወደ ጢስ ዓባይ ወጣን። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያኔ ኮረኮንች ነበር። በየድንጋዩ ልቤ ትዘላለች፤ መኪናው ግን አይዘልም። በመስታወት ወደ ኋላ አያለሁ። እናት ወገባቸውን አልያዙም። ግማሽ መንገድ ላይ ጭራሽ እንቅልፍ ወሰዳቸው!

ከመኪና ወርደን በእግር ሄድን። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1626 እ.ኤ.አ. ገደማ የተሠራውንና ሰው የፖርቱጋል ድልድይ የሚለውን የድንጋይ ድልድይ ተሻገርን። እናት በዝግታ፣ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው፣ እኔ ጥላ ይዤ ከኋላ። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ ከዚያ ጢሱ። ወደ 45 ሜትር ከሚሆን ገደል ዓባይ ይወድቃል። እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ሦስት ጊዜ አማተቡና "ይኼን ሳላይ ልሞት ነበር" አሉ።

እኛን ያስጎበኘን የአገሬው ልጅ ግን "ድሮ ይኼ ገደል ሙሉውን ውኃ ነበር" አለን። እውነቱን ነው፤ በክረምት ወንዙ ሲሞላ ፏፏቴው 400 ሜትር ያህል ስፋት ይኖረዋል። ዳሩ ግን ከአጠገቡ በ1964 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው፣ በ2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ተሠርተዋል። ውኃው ወደ ተርባይን ሲጠለፍ ፏፏቴው ይቀጥናል፤ ሲለቀቅ ይሞላል። መብራቱ ያስፈልጋል፤ ፏፏቴውም ያስፈልጋል። ወደ አንዱ ስታዞሩት ከሌላው ይጎድላል።

ይህን እያሰብኩ ሳለ እጮኛዬ አጠገቤ መጣች። ከፍኖተ ሰላም ጀምሮ ያናገረችኝ በግድ ነበር።

"ኪራዩን ምን ልታደርገው ነው?" አለችኝ።

"እሸጠዋለሁ።"

"ማንን ደብቀህ?"

"አንቺን ይዤ።"

ሳቀች። ጢሱ ፊቷ ላይ አርፎ ነበር፤ ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም።

አዲስ አበባ ተመልሰን የድሮውን ሞላ አስገጠምኩ፤ ያንን ሸጥኩ። የአራት ወር ኪራይ ወጣ፤ የሁለቱን ከምሳዬ ቆጥቤ ሞላሁት። የጋሼን ደብተር ግን ገዢው ቢለምነኝም አልሰጠሁትም። ዛሬ ከጋብቻ ወረቀታችን ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ምክሬ ይኸውላችሁ። መኪናችሁን ማስተካከል ነውር አይደለም። ነገር ግን ለምትነዱበት መንገድና ለምትጭኑት ሰው አስተካክሉት። የከተማ ጎዳናን የእሽቅድድም ሜዳ አታድርጉ፤ ከፊታችሁ የሚመጣው ሹፌር ለውድድር አልተመዘገበም። ወደ ጢስ ዓባይ የምታስቡ ካላችሁ፣ ክልሉ ውስጥ በ2015 ዓ.ም. ግጭት ከተነሳ ወዲህ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ሳይጠይቁ መነሳት አይገባም።

በጋራ ያስቀመጣችሁትን ብር ደግሞ... እሱን ለብቻችሁ አትንኩት። የመኪናው ቀለበት በቁልፍ ይላላል፤ የዚያኛውን መፍቻ እስካሁን ማንም አልሠራውም!