የቢቸናው ቤትና እኛ

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። መጋቢት 2010 ዓ.ም. የአያታችን ጎረቤት ደውላ «የእማሆይ ቤት በጓሮ በኩል ያለው ግድግዳ ሆዱን ነፍቷል፤ ክረምቱን የሚሻገር አይመስለኝም» አለችን። እኛ ሦስት ነን፤ ሦስታችንም አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምንኖር፣ ግድግዳ ማለት ፎቶ የሚሰቀልበት ነገር ብቻ የሚመስለን ሰዎች። አጎታችን መፍትሔው ቀላል ነው አሉ። ይፍረስ፣ በብሎኬት ይሠራ፣ ፊት ለፊቱ ሁለት ሱቅ ይውጣለት። እማሆይ ደግሞ «እኔ ከወጣሁ በኋላ የፈለጋችሁትን አድርጉት» አሉ። ወዴት እንደሚወጡ የጠየቀ የለም።

እኛ መሐል ገብተን «እንጠግነዋለን» አልን። በምን ገንዘብ? ሲባል «ሠራተኛ አንቀጥርም፣ በራሳችን እጅ» አልን። (ዩቲዩብ ነበራ!)

እውነቱን ለመናገር ከጀግንነቱ ጀርባ ጸጸት ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ደመወዝ ስንጀምር ገንዘብ አዋጥተን ያንን የጓሮ ግድግዳ በሲሚንቶ ያስለሰንነው፣ ወለሉንም ሊሾ ያስደረግነው እኛው ነን። «የእማሆይ ቤት ቪላ ሆነ» ተብሎ ፎቶው በየስልኩ ዞሯል። አሁን እየፈረሰ ያለው ያ ግድግዳ ብቻ ነው። ሌሎቹ ያልነካናቸው ሦስቱ ቆመዋል።

ዐባይን ወርደን፣ ወጥተን፣ ደጀን ላይ ወደ ቀኝ ታጥፈን ቢቸና ገባን። ቤቱ የ1950ዎቹ ነው። ቢቸና ውስጥ አሮጌ ቤት ያለው ሰው ሁሉ «በላይ ዘለቀ እዚህ አድሮ ነበር» ማለት ይወዳል፤ በላይ ግን የተሰቀለው በ1937 ዓ.ም. ስለሆነ የኛ ቤት ይህ ክብር አምልጦታል። ቋሚና ማገር፣ ጭቃ፣ ከላይ ቆርቆሮ። ኮርኒሱ የማዳበሪያ ጆንያ ነው። ውስጡን ከተለጠፈበት የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ክምር ሥር የቤተሰቡን ታሪክ እናገኛለን ብለን አንድ ከሰዓት ሙሉ ስንልጥ ዋልን። ያገኘነው የኳስ ውጤትና የሸሚዝ ማስታወቂያ ነው።

የመጀመሪያው ሽንፈታችን በር ነው። አሮጌው መቃን ስለበሰበሰ ለካን፣ ብረት ቤት አዘዝን፣ መጣ፣ አልገባም። የለካነው ከላይ ነበር። ከታች ሲለካ አምስት ሴንቲሜትር ይጠባል! ቱንቢ አንጠልጥለን ስናይ ቤቱ ውስጥ ቀጥ ያለ ነገር የለም፤ ማዕዘን የሚባል ነገርማ ጭራሽ። ሜትር ዘርግተን ስንዞር የሚያዩን አንድ ሽማግሌ «እዚህ አገር ሜትር ይዞ የመጣ ሰው ቀንቶት አያውቅም» ብለው ሳቁብን። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የቢቸናና የሞጣ ገበሬ ግብር ገማቾችን አላስገባም ብሎ ማመጹን እያስታወሱን ነው። ሽማግሌው በወጣትነታቸው አናጢ ነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አያ» እያልን ከኋላቸው መዞር ጀመርን።

አያ ግድግዳውን በጣታቸው አንኳኩ። ባዶ ድምፅ ሰጠ። ሲሚንቶው ከጭቃው ተላቆ እንደ ደረቅ ቂጣ ለብቻው ቆሟል። በቢላዋ ጠርዙን ሲያነሱት ውስጡ እርጥብ ነው፤ በመጋቢት!

«ጭቃ ውሃ ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ ይተፋል። እናንተ አፉን አፈናችሁት» አሉን።

ነገሩ ይሄው ነው። በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ የገባው ውሃ በግድግዳው ውስጥ ይወርዳል። ድሮ ቢሆን ደርቆ ይወጣ ነበር። ሲሚንቶው መውጫውን ስለዘጋበት ወደ ቋሚዎቹ እግር ወረደ፤ እዚያ ደግሞ ሊሾው ይጠብቀዋል። የእንጨቱ እግር ሦስት ዓመት ሙሉ እርጥብ ካልሲ አድርጎ ቆመ ማለት ነው። በኋላ የተጨመሩት የባሕር ዛፍ ቋሚዎች እጅ ሲነካቸው ተፈረፈሩ። የጥዶቹ እግር ግን ጠቁሯል እንጂ አልሞተም። ያ ግድግዳ ከእማሆይ አልጋ በክንድ ርቀት ላይ ነው። ያን ቀን ማታ አልጋውን አዛወርነው፤ እሳቸው «ምን ሆነ?» ሲሉን «ለሥራ እንዲመቸን ነው» አልናቸው።

ጥድ ፍለጋ ሞጣ ሄድን። ሞጣ ደግሞ የራሳችን ጉዳይ ነበረን። አባባ እዚያ ለአስተማሪዎች የሚያከራዩት ሁለተኛ ቤት ነበራቸው፤ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ የሞጣው ሄደ፣ የቢቸናው ቀረ። አይተነው አናውቅም ነበር። አጥር ዘለል ብለን አየነው። ምርጊቱ ረግፎ ማገሩ እንደ ጎድን አጥንት ተቆጥሯል፤ የኔ ነው ብሎ የሚነካው ሰው እንዳልነበረ ያስታውቃል። ግን አንድ ነገር አናደደን። ቀጥ ብሎ ቆሟል! ማንም ስላልተንከባከበው ማንም ሲሚንቶ አልቀባውም። የኛን ቤት ገንዘብና ፍቅር ገደለው፣ የሞጣውን ቸልታ አቆየው ብለን ልንፈላሰፍ ስንል አያ «ጣሪያው አያፈስማ» ብለው ገላገሉን። ትልቁ ልዩነት ለካ እሱ ኖሯል።

ስለዚህ ከጣሪያው ጀመርን። የላላውን ምስማር ነቅለን ጎማ ባለው ተካን፣ ቀዳዳውን በሬንጅ ደፈንን። በዚያው ኮርኒሱ ውስጥ የጨርቅ ልባሱ ያለቀ የመብራት ሽቦ በወራጁ ላይ በምስማር ተመትቶ አገኘን። ለስንት ዓመት ቤቱ ያልተቃጠለው በማን ጸሎት እንደሆነ እማሆይ ያውቃሉ። ይህን ሥራ ግን በራሳችን አልሞከርንም፤ ባለሙያ አስመጣን።

ከዚያ ሲሚንቶውን አራገፍን። ጣሪያውን በድጋፍ አስቁመን፣ የበሰበሰውን የቋሚ እግር በመጋዝ ቆርጠን፣ ከሥሩ ድንጋይ አስቀመጥን። ሊሾውን ከግድግዳው ሥር አንድ ክንድ ያህል ሰበርነው (የከፈልንበትን ደረሰኝ እያስታወስን)። ከኋላ ውሃ የሚያልፍበት ቦይ ቆፈርን።

ጭቃው ግን ትዕቢታችንን አበረደው። አፈርና የጤፍ ጭድ በውሃ አቡክተን በእግራችን ረገጥን። አያ «ሳምንት ይተኛ፣ ይብሰል» አሉን። የዓመት ፈቃዳችን እያለቀ ስለሆነ በሁለተኛው ቀን መረግነው። በአራተኛው ቀን ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አወጣ። አያ አልተቆጡም፤ ዝም ብለው አካፋ ሰጡን። ያንኑ ጭቃ ልጠን ወደ ጉድጓዱ መለስነው፣ ጭድ ጨመርንበት፣ ፈቃዳችንንም በስልክ አስረዘምን (አንዳችን አለቃው ዘንድ የሌለ በሽታ ፈጥሯል)።

በሳምንቱ ቅዳሜ ጎረቤቱ ሁሉ በደቦ ወጣ። «በራሳችን እጅ» ያልነው ነገር እዚያ ላይ አበቃ። ሴቶቹ ውሃ ቀዱ፣ ወንዶቹ ጭቃውን በባሬላ አመላለሱ፣ እኛ የሠራነው አንድ ሜትር ሲሆን አያ ሦስት ሜትር ያልፋሉ። እማሆይ ጠላ ጠምቀው ነበር። የመጀመሪያው ምርጊት እስኪደርቅ ጠበቅን፣ ሁለተኛውን በደቃቅ ጭድ አሳሳነው፣ በመጨረሻ ኖራ ቀባነው። አጎታችን መጥተው ዙሪያውን አዩና «ለጭቃ ቤት ደህና ነው» አሉ። የሱቁን ነገር ግን አልተዉትም፤ በየበዓሉ ያነሱታል።

በሩ እስከ ዛሬ ልክ አይደለም። መቃኑን ለማስገባት ከግድግዳው ቆረጥን፣ አሁን ደግሞ ለመክፈት ከታች በእግር መታ ማድረግ ይፈልጋል። እማሆይ አመታቱን ከእኛ በተሻለ ያውቁታል።

ሐምሌ ላይ ትልቁ ዝናብ የጣለ ሌሊት ሦስታችንም አልተኛንም። ጠዋት ደወልን።

«እማሆይ፣ ግድግዳው እንዴት አደረ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው። በጓዳው በኩል አንድ ቦታ ጠብ ጠብ ይላል፤ ጣሳ አስቀምጫለሁ።» ትንሽ ዝም አሉና «ስትመጡ ያንን ጎማ ያለውን ምስማር ይዛችሁ ኑ። ሲሚንቶ እንዳታመጡ» አሉን።