ኢቃማው በማን እጅ ነው?

ደሴ ላይ ስለ ቪዛ ሳይነሳ የተጠጣ ቡና እንደተጠጣ አይቆጠርም። ሆጤ ሂዱ፣ ሰኞ ገበያ ሂዱ፣ ወይ ቁልቁል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ተቀመጡ፤ አቦሉ ሳይቀዳ የእገሌ ልጅ ጅዳ መግባቷ፣ የእገሊት ልጅ ሪያድ መድረሷ ይወራል። ጥያቄው ሁሌም «ገባች ወይ?» ነው። ገባች ከተባለ «አልሃምዱሊላህ»፣ «ተመስገን» ይባልና ጀባ ተባብለን ወደ ሌላ ወሬ እንሻገራለን። እኔ ግን ነገር አታብዛ ካላላችሁኝ አንድ ጥያቄ ላክል፦ ኢቃማዋ በማን እጅ ነው?

ኢቃማን፣ የሳውዲን የመኖሪያ ፈቃድ ማለቴ ነው፣ ለወሎ ሰው ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። የሚረሳው ነገር ግን ወረቀቱ «ከፊል» በሚባለው አሠሪ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ነው። ፓስፖርቷንም ብዙ ጊዜ እሱ ወይም ማዳሟ ቆልፈውበታል። ልጅቱ ደሞዝ ተከልክላ ወይ ተመትታ ከቤት ብትወጣና ከፊሉ «ጠፍታለች» ብሎ ቢያስመዘግብ ሁሩብ ሆነች ማለት ነው። ትናንት ሕጋዊ የነበረችው ዛሬ የምትታደን ናት። አልሰረቀች፣ ሰው አልገደለች። ሳውዲ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ መቀየር የሚችልበትን ማሻሻያ ሥራ ላይ ስታውል «ከፋላ (የከፊል ሥርዓት) ቀረ» ተብሎ ተወርቶ ነበር። የቤት ሠራተኞች ግን አልተካተቱበትም። ታዲያ ከእኛ ሰፈር የሚሄደው ማን ሆነና!

ደላላ «ፍሪ ቪዛ አለኝ» ሲልም ያው ነው። አንዱ ከፊል በስሙ ያስገባና «እንደፈለጋችሁ ሥሩ» ይላል፤ በየጊዜው የድርሻው ይከፈለዋል። ፍተሻ የመጣ ቀን በወረቀቱ ላይ ያለው አሠሪና የተገኛችሁበት ቤት አይገናኙም።

በ2006 ዓ.ም. የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ሳውዲ በጥቅምት መጨረሻ አፈሳ ጀመረች፤ በወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ከእነሱ መሀል በባቲ፣ በአፋር አቋርጠው ከጅቡቲዋ ኦቦክ ጀልባ ተሳፍረው በየመን የገቡ ነበሩ። በቦሌ፣ በኮንትራት፣ ማኅተም ተመትቶላቸው የወጡም ነበሩ። መግቢያቸው ተለያይቶ መውጫቸው አንድ የሆነው ወረቀቱ የእነሱ ስላልነበረ ነው።

ያቺው ሳውዲ ከፊል የማያስፈልገው ሌላ ወረቀትም አላት። በ2011 ዓ.ም. ልዩ የመኖሪያ ፈቃድ አወጣች፤ ቤት መግዛት፣ ቤተሰብ ማስመጣት፣ እንደልብ መውጣትና መግባት ያስችላል። ዋጋው ለዘለቄታው 800 ሺህ ሪያል፣ በዓመት በዓመት ከሆነ ደግሞ 100 ሺህ ተባለ። እስቲ እናስላው፤ በወር 1,000 ሪያል የምታገኝ ልጅ ሳትበላ፣ ሳትለብስ፣ ለእናቷ ሳልባጅ እንኳ ሳትልክ ብታጠራቅም 66 ዓመት ከ8 ወር ይፈጅባታል። በ20 ዓመቷ ከሄደች በ86 ዓመቷ ከከፊል ትገላገላለች። ሃብታም በሚገባበት በር ላይ ማንም «ከፊልህ ማነው?» አይልም። ኤምሬቶችም በዚያው ሰሞን የ10 ዓመት ወርቃማ ቪዛ ጀምረዋል፤ እሱም ለባለገንዘብና ለተመረጠ ባለሙያ ነው።

የአሜሪካ ዲቪ የደረሰው ሰው ግን በግ ቢያርድ አይፈረድበትም። ግሪን ካርዱ በራሱ ስም ነው፤ አሠሪ ቢያባርረው አገሩ አያባርረውም፣ ከ5 ዓመት በኋላም ዜግነት መጠየቅ ይችላል።

አሁን ነገሩን ገልብጠን እንየው። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሃራ ገበያን ባቡር ሊሠራ የቱርኩ ኩባንያ ያፒ መርከዚ ሲመጣ ቱርኮቹ ኮምቦልቻ ከረሙ። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ (ዛሬ አዋጅ ቁጥር 1156/2011) ለውጭ ዜጋ የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው ለተወሰነ የሥራ ዓይነት፣ ለ3 ዓመት ነው፤ እሱም በየዓመቱ ይታደሳል። ስለዚህ ኢንጂነሩም በሥራው ታስሮ ነው የኖረው። ልዩነቱ ፓስፖርቱ በኪሱ ነው፤ ማታ ወጥቶ ይንሸራሸራል፣ ሥራው ካልተመቸው ትኬት ቆርጦ ይሄዳል።

ከሁሉ የተመቸው አሜሪካዊ ዜጋ የሆነው የደሴ ልጅ ነው። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የሆነውን ቢጫ ካርድ ካወጣ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ ቤት ይገዛል። አይመርጥም፣ አይመረጥም፣ መከላከያ፣ ደኅንነት፣ ውጭ ጉዳይና መሰል ተቋማት አይቀጠርም እንጂ ሌላው ሙሉ ነው። ለዚህ ቅድመ አያቱ ኢትዮጵያዊ መሆናቸው ይበቃል። ጅዳ የተወለደ የወሎ ልጅ ግን እዚያ በመወለዱ ብቻ የሳውዲ ዜግነት አያገኝም፤ እናቱ የዚያን አገር ልጆች 20 ዓመት አሳድጋም ቢሆን።

እንግዲህ የጎረቤታችሁ ልጅ በኮንትራት ልትሄድ ከሆነ፣ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛው፣ የደርሶ መልስ ትኬቱ፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የመድኑም ወጪ የአሠሪው ነው። ፓስፖርትና የጤና ምርመራን የመሰለው የእሷ ነው። «የቪዛ ብር አምጡ» ብሎ የመጣ ደላላ ካለ በየትኛው ሕግ እንደሆነ ይጠየቅ። የኮንትራቱ ኮፒ እናቷ ጋ ይቀመጥ። ኢቃማው ሲወጣም ፎቶ አንስታ በኢሞ ትላክላቸው፤ ስልኳን የተቀማች ዕለት ቁጥሩን ይዞ የሚጮህላት ያስፈልጋታል።