አንቀጽ 17

በትምህርት ዘመኔ ከተቀመጥኩባቸው ፈተናዎች ሁሉ ጥያቄውን እስከ ዛሬ የማስታውሰው የአንዱን ብቻ ነው። የአሥረኛ ክፍል የታሪክ ማጠቃለያ ፈተና፣ የመጨረሻው ገጽ፣ 15 ነጥብ የሚያሰጥ አንድ ጥያቄ፦ የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽና ያስከተለውን ጣጣ አብራራ።

የተማርኩት ደሴ ነው። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ከውጫሌ አካባቢ ገጠር የመጣ ነበር፤ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ፣ ከቤተሰቦቹ በሚላክለት ስንቅ እየኖረ ይማራል። ለእኔ ታሪክ ማለት ሽምደዳ ነበር፤ ስምና ዓመተ ምሕረት ከደብተር ወደ ጭንቅላት፣ ከጭንቅላት ወደ ወረቀት። ለእርሱ ግን የአገሩ ወሬ ነው። ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ አንቶኔሊ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውሉን የተዋዋሉበትን ይስማ ንጉሥን ሲያነሣ፣ ከብት ስላገደበት መስክ የሚያወጋ ይመስል ነበር።

ችግሩ ቋንቋው ነው። ታሪክን የምንማረውም የምንፈተነውም በእንግሊዝኛ ነበር፤ በአማርኛ እንደ ወንዝ የሚፈስሰው ልጅ በእንግሊዝኛ ሲሆን ይደርቃል። ስለዚህ ፈተናው ሳምንት ሲቀረው እኔና እርሱም ተዋዋልን።

«ታሪኩን እኔ እነግርሃለሁ፤ እንግሊዝኛውን አንተ ትረዳኛለህ» አለኝ።

«እረዳሃለሁ» አልኩት።

የጦሳ ብርድ በሚገባባት በዚያች ክፍል ቆሎ እየቆረጠምን ማታ ማታ አስጠናኝ። በአማርኛው ቅጂ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» መባሉን፣ የኢጣሊያንኛው ግን ይህንኑ ግዴታ ማድረጉን፤ ምኒልክ ነገሩን ከአውሮፓ ነገሥታት በመጣላቸው መልስ መረዳታቸውን፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የሆነውን፤ በ1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ሌላ ውል የውጫሌው መሻሩን አንድ በአንድ ነገረኝ።

«አየህ፣ የተፈራረሙት አንድ ውል ነው፤ የፈረሙት ግን የየራሳቸውን ነው» አለኝ።

እኔም የነገረኝን ወደ እንግሊዝኛ እየመለስኩ በደብተሬ ጻፍኩ።

በፈተናው ዕለት የመጨረሻው ገጽ ላይ ስንደርስ በክርኑ ነካ አደረገኝ። ፈታኙ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር። ወረቀቴን በክንዴ ሸፈንኩት። ፈታኙን ፈርቼ፣ ወይም መኮረጅ ነውር ነው ብዬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ባልጻፍኩ። የፈራሁት ከእኔ እኩል እንዳያገኝ ነበር።

ከግቢው ስንወጣ «እረዳሃለሁ ብለኸኝ አልነበረም?» አለኝ።

«ጥናቱን ነዋ ያልኩህ።»

ለአፍታ ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ ሣቀ። «አንቀጽ 17!» አለ። እኔም አብሬው ሣቅኩ።

ወረቀታችን ሲመለስ 13 አገኘሁ። የእርሱን አሻግሬ አየሁት። ገጹን ከላይ እስከ ታች በአማርኛ ሞልቶታል። መምህሩ እስከ መጨረሻው እንዳነበበው ያስታውቃል፤ ታችኛው መስመር ላይ የተሳሳተች አንዲት ዓመተ ምሕረት በቀይ እስክሪብቶ አርሟል። ከጎኑ «በእንግሊዝኛ ጻፍ» ይላል። ከሥሩ ዜሮ።

በተከታዩ መስከረም ያ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰም። ለምን እንደ ቀረ አልጠየቅሁም። ከእርሱ አገር የሚመጡ ሌሎች ልጆች ነበሩ፤ መጠየቅ እችል ነበር።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ ወልዲያ ስጓዝ አውቶቡሳችን ውጫሌ ላይ ቆመ። አጠገቤ የተቀመጠች ተማሪ «ውሉ የተፈረመበት ውጫሌ ይኼ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ያን ጊዜ ማታ ማታ እንደ ሰማሁት አድርጌ፣ በአማርኛ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት።

«የታሪክ መምህር ነዎት?» አለችኝ።

«አይደለሁም። የዚህ አገር ልጅ ነው ያስተማረኝ» አልኳት። አውቶቡሱ እስኪንቀሳቀስ ድረስ በመስኮቱ በኩል የመንገደኛውን ፊት ስመለከት ቆየሁ።